እሜቴ የማን ናት?

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ለስንብቴ ስለተሰበሰባችሁልኝ፣ ኬኩንም እኔ እስክመጣ ሳትቆርሱ ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ትንሽ ልቆጣ ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ አልታዘዝ ያለ እጅና እግር ሳለማምድ፣ ስታገሥ ኖሬያለሁ። የእናንተ ነገር ግን አቃተኝ!

እሜቴ የምትሏትን ይህችን ቡናማ ውሻ ለማን ብለን ነበር ያሠለጠንናት? ለበሽተኞች አይደለም እንዴ? አልጋቸው አጠገብ እንድትቀመጥ፣ ሲዳብሷት እጃቸው እንዲፍታታ፣ ጭንቀታቸው እንዲቀልላቸው። ከበሩ እስከ ሕሙማን ክፍል ግን ስንቱ ጤነኛ ይሻማታል! ካርድ ክፍል ያለችው እህቴ "አንዴ ብቻ ልቀፋት" ትላለች። ሒሳብ ክፍል ጎትቶ ያስገባታል። ክቡር ዳይሬክተር፣ እርስዎም ከስብሰባ በወጡ ቁጥር "ደም ግፊቴ ተነሣ፣ እሜቴን ላኪልኝ" ይላሉ። መድኃኒትዎን አይውጡም?

በሽተኛው ጋ ስንደርስ እሷ ዝርግት ብላ ታንኮራፋለች። ታማሚው ደግሞ እሷን ላለመቀስቀስ ይጠነቀቃል።

ትስቃላችሁ። መስኮቱ ጥግ የተኙትን የአውቶቡስ ሹፌር ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና አንደበታቸውን ከያዘባቸው ወዲህ ጣታቸውን የሚያንቀሳቅሱት ለእሜቴ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ጠበቁ። እሜቴ ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ተኝታለች! ልጃቸው "አባዬ፣ ዛሬ የምትመጣ አይመስለኝም" ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግሥቱ በጓሮ ደረጃ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ አስገባኋት። በገዛ መሥሪያ ቤቴ! ሰውየው ገና ሲያዩዋት "ነይ" አሉ። ስንት ጊዜ ድምፅ ያልወጣቸው ሰው! ልጃቸው እያለቀሰች "አባዬ፣ እኔን ትተህ ውሻዋን?" አለች። ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ እኔ የለሁም። ማሰሪያዋን ለማን ልስጥ? እጃችሁን አውርዱ፣ አውቃችኋለሁ! አንተ የመድኃኒት ክፍሉ ወንድሜ፣ ከኋላ የተደበቅኸው፣ ና ወደዚህ። ውሻ እንደሚፈራ ታውቃላችሁ። ትናንት እሱ እንደሚረከባት ስነግረው "እትዬ፣ ምን አድርጌዎት ነው?" አለኝ። ምንም አላደረግኸኝም። አንተ አትዳብሳትም፣ ከማንም ጋር ቆመህ አታስዳብሳትም። ቶሎ ልገላገል ብለህ በቀጥታ ሹፌሩ ጋ ታደርሳታለህ። እኔ የምፈልገውም ይኸንኑ ነው።

ባልደረቦቼ፣ አናዳችሁኛል፤ ግን እወዳችኋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ቤታችሁ ሰላም ይሁን። ያመማችሁ ዕለት ደግሞ የምትጠብቁት ሳይውል ሳያድር ይድረስላችሁ፤ መንገድ ላይ ጤነኛ አይቀማችሁ።

በል ወንድሜ፣ ያዝ። አትነክስህም አልኩህ! ኬኩ ይቆይሃል፤ ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ነው።