በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ስለ ጀማሪ ተጫዋች የተደረገ ክርክር

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤት ባሉበት ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ አሳንሰሩ ቆሞ አንዲት ሴት በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀርታለች አሉኝ። ከረዳቴ ጋር ስንደርስ የላይኛውን የማሽን ክፍል ቁልፍ የያዘው ጥበቃ የለም። ረዳቴ ሊፈልገው ሄደ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አላፊ አግዳሚው አሳንሰሩን ያቆምኩት እኔ ይመስል ይገላምጠኛል። ሲሠራ ማንም አያስታውሰኝ፣ ሲቆም ሁሉም ያውቀኛል።

በበሩ ስንጥቅ በኩል ተጣራሁ። «እህቴ፣ ይሰማሻል? የአሳንሰር ሠራተኛ ነኝ። አየር አለ፣ አትወድቂም። በሩን ብቻ በእጅሽ አትታገዪው። ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁጭ በይ።»

ፈርታ የፎቅ ቁጥር ያለበትን ቁልፍ ሁሉ ተጫጭናዋለች። አበላሽቼው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ለሰው ሁሉ የምለውን አልኳት፤ ማንም ያልነገረው ሰው ያገኘውን ይጫናል፣ አያስወቅስም።

ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለች።

«ከየት?»

«እሁድ ዕለት ‹ይሄ እጅ ነው ወይስ የላም እግር› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በኢንተርኔት የሚጫወቱት የቡድን ጨዋታ አለ። አምስት ሰው በአምስት ሰው ላይ፣ ሁሉም በየቤቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ አንዱ ቡድን ምሽግ ይጠብቃል፣ ሌላው ሊሰብር ይመጣል። የእኛን ቡድን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚያ «አለቃ» እባላለሁ። በሥራ ቦታ ስሜ «አንተ ጠጋኙ» ነው። ይህን ያልኩት ቡድኑ ለእኔ ምን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከአምስታችን አንዱ የፈረቃ ሥራ አግኝቶ ቀረ። የዓመቱ ውድድር ምዝገባ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አምስት ያልሞላ ቡድን ከነስሙ ይሰረዛል። እሁድ ከመካከላችን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከሁለት ቃል በላይ ስለማይናገር ዝምተኛው የምንለው ልጅ፣ አንዲት ጀማሪ ይዞ መጣ። የእኛ ቤት ልማድ ደግሞ አለ። ጀማሪ የመድኃኒት ቦርሳ ይሸከማል፤ ማንም የማይወደው ሥራ ነውና። እንዴት እንደሚሠራበት አይነገረውም፣ ራሱ ይድረስበት ነው። ልጅቷ ቦርሳውን ይዛ ግድግዳ ስታይ እኛ ተራ በተራ ወደቅን። እኔ ተሳደብኩ። ሦስታችን «ይውጣ» የሚለውን ተጫንን፤ ሦስት ሰው ከተጫነው የተባለው ሰው ይባረራል። ተባረረች። ቦርሳውም አብሯት ወጣ። ከሰውየው ጋር እንደሚሄድ እያወቅሁ በንዴት ረሳሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ያለ መድኃኒት አራት ደቂቃ አልቆየንም። ዝምተኛው ከዚያ ቀን ወዲህ አልገባም። ሦስት ቀረን።

እንግዲህ እዚያ በር ላይ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደረቴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ተነሣብኝ። እኔ ስጀምር በአንድ ቀን ሦስቴ እንዳባረሩኝና «ሸክም» እንዳሉኝ ነገርኳት። ሥራ ያስለመደኝ ፎርማን ፍሬን ሲያስተካክል እንዳላይበት ጀርባውን ያዞርብኝ እንደነበር ነገርኳት። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ጠየቅህ ብሎ አስተማሪው ከክፍል እንዳወጣኝ፣ እኔም በዚያው እንደቀረሁ ሳይቀር ነገርኳት። ለማላያት ሴት፣ በብረት በር።

«ማንም አላሳየኝም፤ ግን ይኸው ቆሜያለሁ» አልኩ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ቡድኔን የጀማሪ መለማመጃ አላደርግም።»

«ካላቦካ ታዲያ መቼ ሊለምድ ነው?» አለች። ቀጥላም በትሕትና ጠየቀችኝ። «ከእርስዎ ጋር የጀመሩት የት አሉ?»

ብዙዎቹ እንደተዉት ነገርኳት።

«ደካሞች ስለሆኑ ነው?»

«አዎ።»

«ከሰባተኛ ክፍል እርስዎ የወጡት ደካማ ስለነበሩ ነው?»

በሩን በመዳፌ መታሁት። ከውስጥ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤ አሳንሰሩ የተናወጠ መስሏታል። ወዲያው አፈርኩ። እኔ ነኝ የመታሁት፣ አትፍሪ አልኳት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ራሴም አልጠየቅሁም። የተባረርኩት ባለማወቄ እንጂ ባለመቻሌ እንዳልነበረ በልቤ ዘወትር እሟገታለሁ። ያንን ክርክር ግን ለሌላ ሰው አውሼ አላውቅም።

ቢሆንም በዋዛ አልተሸነፍኩም። ጨዋታ መካከል ጠላት በር እየሰበረ ማን ቆሞ ያስተምራል ብዬ ሞገትኳት። ሥራዋን ነገረችኝ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ መድኃኒት የምታድል ፋርማሲስት ነች። «ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርሳል» አለች። «ግን ‹አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፣ ከምግብ በኋላ› ለማለት ጊዜ አጥቼ አላውቅም። ሳልነግረው ብሰጠውና በሽተኛው ቢጎዳ፣ የላም እግር ልበለው? የእሁዱን ቦርሳ ለመክፈት ስንት ቃል ይፈጃል?»

ቆጠርኩት። አምስት ቃል ነው። ወደ ወዳጅ ዙሪ፣ ቀዩን ተጫኚ።

«ስድቡ ስንት ቃል ነበር?»

እሱንም ቆጠርኩ። ስድቡ ይረዝማል።

ከዚያ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝን ነገር ነገረችኝ። ዝምተኛው ወንድሟ ነው። ግንባታ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ ተጎድቷል፤ ስምንት ወር ተኝቷል። ቤት ውስጥ «ውሃ» ከማለት በቀር አይናገርም። «ከእናንተ ጋር ግን ሁለት ቃል ይላል። ያንን ሁለት ቃል ፍለጋ ነው የመጣሁት» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ አብሬው ስጫወት ምን ሆንክ ብዬው አላውቅም ነበር።

ረዳቴ ቁልፉን ይዞ እያለከለከ መጣ። ወደ ላይ ወጣን፣ ኃይል አጠፋን፣ እሱ ፍሬኑን በእጅ ለቆ ያዘልኝ፣ እኔ አሳንሰሩ ሦስተኛው ፎቅ እስኪደርስ የሞተሩን መንኮራኩር ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ወርጄ በሩን ስከፍት ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ልጅ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። ነገ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨዋታው ውስጥ ግቢ፣ ከጎንሽ እሆናለሁ አልኳት።

«የሰደቡኝ በሰው ፊት ነው» አለች ጫማዋን እያጠለቀች። «ይቅርታውም እዚያው ይሁን።»

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እኔን ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም፤ ያልተሰጠኝን ከየት አምጥቼ ልስጥ? ሥራ ላይ መፍቻ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ረቡዕ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ማዳመጫውን አደረግሁና ይቅርታ አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልነግራት ሰደብኳት አልኩ። ከሁለቱ ጓደኞቼ አንደኛው አለቃን አሞታል መሰለኝ ብሎ ቀለደ። ከዚያ፣ ሳይታዩ ሲሰሙኝ ኖሮ፣ የዝምተኛው ስም ስክሪኑ ላይ በራ፣ ከሥሩም የእሷ።

በዚያ ቀን ከሰው ጋር አልተጋጠምንም። ከኮምፒውተሩ ጋር፣ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገምን፤ ወደ ወዳጅ ዙሪ፣ ቀዩን ተጫኚ። ሐሙስ ሩጫ ጨመርን። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አምስት ስም አስመዘገብኩ።

ከሰዓት የመጀመሪያውን ግጥሚያ ተሸነፍን፤ አልዋሽም። እኔን ሁለቴ አዳነችኝ፤ በመጨረሻ ግን የተሳሳተ በር ውስጥ ገባች። አፌ ተከፈተ፤ መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ዝምታ ውስጥ ዝምተኛው ሳቀ። «እህት ዓለም፣ እኔም መጀመሪያ ቀን እዚያው በር ውስጥ ነበር የጠፋሁት» ብሎ ጀመረና በየት መዞር እንዳለባት፣ ጠላት የት እንደሚደበቅ ይነግራት ገባ። ቀጣዩ ግጥሚያ ሊጀመር ነው። አላቋረጥኩትም።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልንገርህ። ጀማሪን ማስተማር ምጽዋት አይደለም። ዛሬ አምስት ቃል የነፈግኸው ሰው ነገ አምስተኛ ሰው ስታጣ አይኖርልህም። አሁን በእኛ ቡድን ጀማሪ ዐሥር ጨዋታ ሳይሞላ ‹ይውጣ› ተብሎ ድምፅ አይሰጥበትም፤ አንድ ነባር ከጎኑ ይቆማል፤ በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አይጫንበትም፤ የሚሰድበው የሚባረረው ራሱ ነው። ይህን ካደረግን ወዲህ ሰባት ሰው ሆነናል፤ አንዱ ቢታመም ቡድኑ አይፈርስም። ስናሸንፍም የምናሸንፈው ብዙ ሆነን ነው።

ከአዲሶቹ አንዱ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ግራና ቀኙ ይምታታባቸዋል፤ ትናንት ሦስቴ ገደል ውስጥ ገቡብኝ። ትዕግሥት ተፈጥሮዬ አይደለም። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፣ ምላሴ ይበላኛል። «አይዞዎት አባቴ» እላቸዋለሁ፣ «እንደገና።»