የእኔ ቱቦና የዶሪን ቱቦ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዶክተር ፔነር፣ ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ያሰናዳሽልኝ አለቃችን ማርሴላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድንች የተሞላውን ፐሮጊ የቀቀላችሁ፣ ፓዩን የጋገራችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። ተረኞች የሆናችሁ ደግሞ ጥሪ ከመጣ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ ሕፃን የእኔን ንግግር አይጠብቅም።

ንግግሩን አሳጥሪ ተብያለሁ። ማን እንዳለኝ አልናገርም። ዶሪን ናት።

እኔና ዶሪን ቴቭስ በዚህ ማዋለጃ ክፍል አብረን አርጅተናል። መኪናዬ በረዶ ውስጥ ስትቀረቀር ጎትታ የምታወጣኝ እሷ ናት። እንዲህ ተዋደን የተጣላነው በምን ይመስላችኋል? በባል? በዓመት ፈቃድ? በቱቦ!

አዲሶቹ ያኔ አልነበራችሁም። ሆድ ላይ የምናስረው ቀበቶ ምጡ መቼ እንደመጣ ይናገራል እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። ለጉልበቱ ቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ይገባል። ሁለት ዓይነት መጣልን፤ አንዱ ውሃ የሚሞላና ከውጭ ካለ የመለኪያ ሳጥን ጋር የሚያያዝ፣ ሌላው ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው ደረቅ። ማርሴላ፣ "ሁለቱንም ሞክሩና አንዱን ምረጡልኝ" አለች። ይሄኔ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

እኔ የውሃው ወገን ነበርኩ። ቁጥሩ ሲያጠራጥረኝ በውሃ አጥበዋለሁ፣ ከዜሮ አስጀምረዋለሁ፣ ልቤ ያርፋል። ዶሪን ግን፣ "እናቲቱ በተገላበጠች ቁጥር ያንን ሳጥን ከሆዷ ከፍታ እኩል ለማድረግ ስትታገዪ እኔ ሻዬን ጠጥቼ እጨርሳለሁ" ትለኛለች።

"ያንቺ ደረቅ ሲዋሽ በምን ታውቂያለሽ?"

"እንዳንቺ ብዙ ስለማያወራ ብዙም አይዋሽም!"

ምሳ እንኳ ለየብቻ መብላት ጀመርን። ትስቃላችሁ፤ የእውነት ነው።

ከዚያ ጆኤል ዴዣርሌ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ "ይህችን ግን እኔው ራሴ እወልዳታለሁ" ብላ ቆርጣለች። የውሃውን አስገባሁላት። ቁጥሬ እንዳይዛባም፣ "አደራ፣ ብዙ አትነቃነቂ" አልኳት። ቱቦዬ አላሳፈረኝም፤ ምጡ ብርቱ ነበር። ሕፃኗ ግን ፊቷን ወደ ላይ አዙራ አልወርድም አለች። ዶክተር፣ እርስዎም፣ "ምጡ እንዲህ በርትቶ ካልወረደች፣ ከምሳ በኋላ ወደ ኦፕራሲዮን ነው" ብለው ወጡ። ጆኤል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኛስ ምን አደረግን? በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመን ስለ ቱቦ ተጨቃጨቅን!

"እናንተ ሴትዮዎች!" አለች ጆኤል፣ ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት። "የምትጣሉት በኔ ነው በቧንቧው? እኔ ተንበርክኬ ማማጥ ነው የምፈልገው። የትኛው ነው የሚፈቅድልኝ?"

 ስንት ወር ስንከራከር ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

"የዶሪን" አልኩ። እንደ ዓሣ አጥንት ነው ጉሮሮዬን የቧጨረኝ። ዶሪንም አልሳቀችብኝም፤ የኔን አወጣች፣ የራሷን አስገባች። ጆኤልን በእጇና በጉልበቷ አንበረከክናት። እኔ ወገቧን እየተጫንኩ፣ ዶሪን ቁጥሩን እያነበበች፣ ሕፃኗ ዞረች፤ ከዚያም ወረደች። ዶክተር ሳንድዊችዎን ሳይጨርሱ ነው የተጠሩት፤ ያስታውሳሉ?

ጆኤል ልጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች፣ "ታዲያ ማናችሁ አሸነፋችሁ?" አለች።

አፌን ስከፍት ዶሪን ቀደመችኝ። "አንቺ ነሻ!" አለቻት። እኔ አለቀስኩ።

ልጅቷን በስሜ ይጠሯታል ብዬ ነበር፤ አልጠሯትም። ዛሬ ቬርና የሚባል ሕፃን የት ይገኛል?

ለማርሴላም፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል አልናት፤ ሁለቱም መሳቢያው ውስጥ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ከማንሣታችን በፊት እናቲቱን፣ "እንዴት ሆነሽ ማማጥ ትፈልጊያለሽ?" እንላታለን። እናንተ ይህን ጥያቄ ከጥንትም የነበረ መስሏችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ስሰማችሁ ደስ ይለኛል።

እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። የሚቆጨኝ የምጣላው ሰው ማጣቴ ብቻ ነው። ባሌ እንደሆነ ቶሎ ይሸነፋል፣ አይጥምም። ዶሪን፣ ትናፍቂኛለሽ።

እጃችሁ አይዛል፣ ወገባችሁ ይጽና። በዚህ በር የምትገባ ሁሉ በሰላም ትገላገል። ለየቤታችሁም ጤናና ሳቅ ይብዛላችሁ። ክርክሩን ደግሞ እንዳትተዉ፤ ብቻ አልጋው ላይ ያለችው እንድትሰማችሁ ጮክ ብላችሁ ተከራከሩ።