የእናቴ ስለት

እናቴ በማተቧ ላይ ከመስቀሏ ጋር አስራት የኖረችው፣ ቁጥር ያለባት ክብ ናስ ከየት እንደመጣች እስከዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለትምህርት ግሪክ አገር ስሄድ፣ በደህና ከደረስኩ እዚያ ላለ ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ልታስገባ ተስላ ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ ያሰፋችውን ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አስያዘችኝና፣ "ስታስገቢ ምልክት ላኪልኝ" አለችኝ።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን እኛ ተማሪዎች ከተማ ለማየት ስንወጣ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። አንድ ባለ ጉልላት ትልቅ ቤት ሳይ ከጓደኞቼ ቀረት ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ፤ መቃኑን ተሳልሜ ገባሁ። ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ የለበሱ ሽማግሌ ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያቺን ናስ ሰጡኝ። በረከት መስላኝ ሳምኳት።

ይኼኔ ከጓደኞቼ አንዷ፣ የመርሐቤቴዋ አስካለ፣ ፈልጋ አገኘችኝ።

"አንቺ፣ ጫማሽን ምን አስወለቀሽ?"

"ስለት አስገብቼ ነው።"

"የምን ስለት? ይኼ እኮ ቲያትር ቤት ነው። ሰውየው የተመልካች ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ቁጥሯን ስጫቸውና ጃንጥላሽን ይመልሱልሽ።"

ዞር ብዬ አየሁ። የእናቴ ጃንጥላ ከካፖርቶቹ መሐል ተሰቅሏል።

"ስለት ከተሰጠ በኋላ ይወሰዳል እንዴ?" አልኳት።

"ለቲያትር ቤትስ ይሰጣል እንዴ?" አለችኝ።

ቁጥሯን ግን አልሰጠኋቸውም። እፍረቴን ይዤ፣ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ናሷን በወረቀት ጠቀለልኩና "እማዬ፣ ስለትሽ ገብቷል፤ ምልክቱ ይኸው" ብዬ ጽፌ በፖስታ ላክኩላት።