እስከ ጆሮ የወጣ እጅ

የሥራ ባልደረባዬ አልማዝ የበደለችኝ ክልላችን በተመሠረተ በዓመቱ ነው። በግምገማ እኔን ከሥራ ለማባረር እጅ ሲወጣ የእሷም ወጥቶ አየሁ። «ሻሼን ሳስተካክል ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ዘንድሮ ታማ ልጠይቃት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ስሄድ፣ ታክሲው ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡ አዛውንት ስላየው ፊልም ያወራል።

«በፊልሙ አገር ፍርድ ቤት የሚፈርዱት ተራ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ተከሳሹን ጥፋተኛ ነው ሲሉ አንዱ ብቻ እምቢ አለ።»

«ፊልም ነዋ።»

«ጋሼ፣ ነገ እኛም ቢሮ አንዷን እንገመግማለን። ጥፋት የለባትም።»

«ሌሎቹስ?»

«እጃቸውን ያወጣሉ።»

«አንተ እስከ ጆሮህ አውጣ። ሰብሳቢው ይቆጥርሃል፤ ለእሷ ጆሮዬን ሳክክ ነው ትላታለህ።»

«ታምነኛለች?»

«እኔን ያመነችኝ አለች። እስከ ዛሬ ሰላምታ አታጎድልብኝም።»

«ወራጅ» ብዬ ወረድኩና ለአልማዝ የያዝኩትን ማንጎ ይዤ ወደ አሶሳ ተመለስኩ።