የሕዝቅያስ ቦይና የአናጢው ግድግዳ

ዝናቡ ባያባርረኝ ኖሮ ወደ ሽማግሌው አናጢ ሱቅ ባልገባሁ ነበር። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ምክር ከጀመርኩ ማቆሚያ ስለሌለኝ ጎረቤቶቼ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አናጢው ግን ስለማያውቁኝ «ይግቡ መምህር፣ ጎርፍ ሳይወስድዎት!» ብለው በርጩማ ጠረጉልኝ። መምህር መሆኔን በምን እንዳወቁ እንጃ፤ መቼም ገና ከበሩ ማውራት ጀምሬ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ተቀምጧል። ሽፋኑን ሰጋቱራ አልብሶታል።

«አያነቡትም እንዴ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ደከመ። የምታነብልኝ ልጄ ነበረች።»

«ነበረች? ውይ፣ ነፍስ ይማር!»

«ኧረ ሟርትዎን ይያዙ! በደህና አለች። ይኸው እዚህ ጋ ናት» አሉና በመሮአቸው ከጀርባቸው ያለውን የእንጨት ግድግዳ ጠቆሙኝ።

ነገሩን ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አባትና ልጅ ማታ ማታ መጽሐፉን አብረው ያነቡ ነበር። ልጅቱ ሥራዋ የጥንት ፍርስራሽ መቆፈር ነው። አንድ ቀን ተጣሉና አናጢው ቤቱን በገዛ እጃቸው ለሁለት ከፈሉት። ከዚያ ወዲህ እሷ በጓሮ በር፣ እሳቸው በሱቁ በር ይገባሉ።

«ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። የእኔ ግን ድፍን ደንቆሮ ነው፤ በሁለት ጣውላ መሃል ሰጋቱራ ጠቅጥቄበታለሁ። ስታስል እንኳ አልሰማትም።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ምን ብታደርግዎት ነው?»

«ንጉሥ ሕዝቅያስ ውሃ ወደ ከተማ ያስገባበት ጋ ስትደርስ 'አባዬ፣ ቦዩ እኮ ዛሬም አለ፤ በካርታ ላሳይህ' አለችኝ። 'የተጻፈው ሁሉ ተገኝቷል?' ብላት 'ኧረ ገና ያልተገኘ አለ፤ ሊቃውንቱ የሚከራከሩበትም አለ' አትለኝም! የእግዚአብሔር ቃል ድንጋይ ዋስ ይጥራ እንዴ?»

«ቃሉ ዋስ አይፈልግም። እርስዎ ግን ምን አስፈራዎት?»

መሮውን አስቀመጡ። «የምኖረው ባለቤቴን በወዲያኛው ዓለም አገኛታለሁ ብዬ ነው። አንዱ ታሪክ ከተነቃነቀ ያ ተስፋ አብሮ የሚናድ መሰለኝ። ብቻዬን ነኝ፣ መምህር። ሌላ ምን አለኝ?»

እኔም ወደ ባዶ ቤት ነው የምገባው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ገነትን በአካፋ የሚያገኝም የሚያጠፋም የለም። ተስፋዎን አፈር አይነካብዎትም። አፈሩ የሚነግረን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች እንደ እኛው ጥም የሚፈሩ፣ እጃቸው የሚላጥ ሰዎች እንደነበሩ ነው።»

«ያንን ባላውቅ ምን ይቀርብኛል?»

«ኢየሩሳሌም የት እንዳለች ያውቃሉ?»

«በሰማይ ነዋ!»

«የምድሪቱን ነው የምልዎ። ኮረብታ ላይ ናት፤ ምንጯ ግን ከግርጌ ነው። ጠላት ቢከባት ውሃዋ ጠላት እጅ ይወድቃል። አቀማመጧን ካላወቁ ንጉሡ አለት ያስፈለፈለው ለምን እንደሆነ በምን ይገባዎታል?»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ ለዝና መስሎኝ!»

«ቆፋሪዎቹ የጀመሩት ከሁለት ጫፍ ነው። አለቱ ላይ የቀረጹት ጽሑፍ ተገኝቷል። አልዋሽዎትም፤ የንጉሥ ስም የለበትም፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን የሕዝቅያስ ዘመን ነው ይላሉ። ሦስት ክንድ ያህል ሲቀራቸው አንዱ ጓደኛውን ሲጣራ ድምፁ ተሰማ ይላል።»

«ከአለቱ ወዲያ ማዶ?»

«ከአለቱ ወዲያ ማዶ።»

ሽማግሌው ዞረው ግድግዳቸውን አዩ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አሉ።

ከዚያ መዶሻ አንስተው ጣውላውን ደበደቡ። «ልጄ!» ድምፃቸውን ሰጋቱራው ዋጠው። «እርግማን ነው እንጂ ሙያ ነው ይሄ?» አሉና መሰርሰሪያቸውን አመጡ። የወዲህኛውን ጣውላ ሲበሱት ሰጋቱራው ጫማቸው ላይ ተንዶ ፈሰሰ። ማዶውን ጣውላ በስተው አፋቸውን ቀዳዳው ላይ ደቀኑ።

«ልጄ! ትሰሚኛለሽ?»

የእግር ኮቴ ተሰማ። «አባዬ? ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

«አዎ፣ አሞኛል። ካንቺ ከተለየሁ ጀምሮ አሞኛል።»

ከማዶ ለቅሶ የተቀላቀለበት ሳቅ መጣ። «ታዲያ ግድግዳ ከመብሳት በጓሮ ዞረህ ብትመጣ ምን ነበረበት? የእኔ በር እኮ ተቆልፎ አያውቅም።»

አንባቢዬ፣ ልማዴ ነውና ልምከርህ። እውቀት እምነትን ይሰርቃል ብለህ በርህን ስትዘጋ ውጭ የሚቀረው የገዛ ልጅህ ነው። አገሩን ያወቀ ሰው መጽሐፉን አሳንሶ አያነብም፤ ዳገቱን አብሮ ይወጣል፤ ጥሙንም ይጠማል። ያልተገኘውን አልተገኘም ማለትም ክህደት አይደለም፤ ሐቀኝነት ነው።

በሌላ ቀን ብቅ ስል ግድግዳው ፈርሶ፣ ከጣውላው መደርደሪያ ተሠርቶ፣ ከበላዩ ካርታ ተሰቅሎ አገኘሁ። ልጅቱ እያነበበች ነበር። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ካርታው ላይ ቆመ። «አባዬ፣ ይቺ ከተማ ግን የት እንደነበረች ገና አልታወቀም» አለች፤ ፊታቸውን ፈራ ተባ እያለች እያየች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ቆፍሪያ!» አሏት። «እኔ ከዚህ እጣራለሁ።»