በአሥራ አራት ዓመትዎ ምን አደረጉ?

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ጨው ልገዛ ወደ ማንኩሳ ገበያ ስወርድ አያ መንበሩን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው አደይ ቋጠሮ ተሸክማ ትከተላቸዋለች። አደይ ተማሪዬ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ የተማርኩትን በጓሮዬ ለስድስት ልጆች አስተምራለሁ።

«እንደምን ዋሉ አያ መንበሩ? አደይን ወዴት?»

«እግዜር ይመስገን። ሊበን አገር፣ አጎቷ ዘንድ። ከገበያ ወደዚያ ከሚመለሱት ነጋዴዎች ጋር ትሂድና እዚያ ውሃ እየቀዳች ትኑር።»

«ምን አጠፋች?»

«የዘር ገብሴን ጎታ ከፈተች! ደግሞ መልሳ እበት ለጥፋበታለች። እርጥቡን ከደረቁ የማልለይ መስሏት!»

በኛ አገር የዘር እህል ለብቻው ይቀመጣል። አፉ በእበት ይመረጋል፤ እስኪዘራ ድረስ ከአባወራው በቀር ማንም አይከፍተውም፣ ቢራብም።

«ገብሱን ምን አደረገችው?»

«ጣልያን ቤታቸውን አቃጥሎባቸው ወንዝ ዳር ለወደቁት ሁለት ቁና ሰጠች። ያሳዝናሉ፤ አያሳዝኑም አላልኩም። ግን ዘር ነው! ይሄ ያንች ትምህርት ነው። ሴት የኔታ መጣች ሲሉኝ ስቄ ዝም አልኩ፤ ይኸው።»

«እኔ ጎታ መክፈት አላስተማርኩም አያ።»

«ራሷም አምናለች። ጽፋዋለች! አንብቢላት አንች አደይ።»

አደይ ከጉያዋ የካርቶን ቁራጭ አወጣች። የእናንተን ልጅነት ከሽማግሌዎቻችሁ ልጅነት ጋር አወዳድራችሁ ጻፉ ብያቸው ነበር። ቀስ ብላ አነበበች። «በአያቴ ዘመን ልጅ ታዛዥ ነበር። የዘር እህል አይነካም ነበር። የዛሬ ልጅ ግን ሌባ ነው።»

«አየሽ!» አሉ፤ ደስ አላቸው።

እኔን ደስ አላለኝም። ስድስቱም ያመጡልኝ ይህንኑ ነው፤ የድሮው ደግ፣ የዛሬው ክፉ። አንዳቸውም ማንንም አልጠየቁም። ሲሰደቡ የሰሙትን ነው የጻፉት።

«አደይ፣ ይሄ ማወዳደር አይደለም፤ ቁጣ ነው። የአንዱን ደግነት ከሌላው ጥፋት ጋር ምን ያመዛዝነዋል? ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ጠይቂ። አያ መንበሩ፣ ትጠይቅዎት?»

«ልጅ ሽማግሌ ልትመረምር? ቀጥሎ ደግሞ ልታስምለኝ ነው!»

«እርስዎ ካልነገሯት ማን ይነግራታል? ዝም ካሉ ይሄንኑ ሌባ የሚለውን ለልጆቿ ታወርሳለች።»

«ጽሑፍ ደግሞ አደገኛ ነው። ባንዳ እጅ ቢገባ ቤት ያስቃጥላል።»

ይህ እውነት ነው። «ስምና ቦታ አናስገባም» አልኳቸው። «እንግዲህ እዚች ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ይመልሱላት፤ ገበያው ሊበተንብኝ ነው።»

እያጉረመረሙ ተቀመጡ። አደይ መሬት መሬት እያየች ጠየቀች።

«አባባ፣ በአሥራ አራት ዓመትዎ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ክፉ ቀን ነበር። ከብቱ አልቆ አባቴ በዶማ ይቆፍር ነበር።»

«ሲርብዎስ?»

በዱላቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«የዘሩን ባቄላ በላሁ» አሉ በኋላ። «እናቴ ውሃ ስትወርድ እየጠበቅሁ፣ እፍኝ እፍኝ፣ ጥሬውን። ለእህቴ እንኳ አልሰጠኋት።»

«አልታወቀብዎም?»

«እናቴ አወቀች። አባቴን አይጥ ነው አለችው። በዚያ ዓመት የማሳችን እኩሌታ ጦም አደረ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ከመቀነቴ የመጻፊያ ከሰል አውጥቼ ሰጠኋት። ካርቶኑን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ጻፈች፤ ከዚያ አነበበች።

«አያቴ በአሥራ አራት ዓመታቸው የዘር ባቄላ በሉ፤ ርቧቸው ነበር። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ የዘር ገብስ ሰጠሁ፤ ሰዎች ርቧቸው ነበር። የሁለታችንም ዘር ጎደለ። እሳቸውን ከቤት አላባረሯቸውም። እኔን ግን...» ንባቧን አቆመች።

«ጨርሽው እንጅ!»

«እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አባባ።»

ነጋዴዎቹ አህዮቻቸውን እየነዱ አልፈውን ሄዱ። አያ መንበሩ አልጠሯቸውም።

«እኔንም አላባረሩኝም ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ሁለተኛ ሳልጠይቅ አልነካም ብለሽም ጨምሪበት። ጻፊ ነው የምልሽ!»

በዚያ ሳምንት ስድስቱም ልጆች ጠይቀው እንደገና ጻፉ። አንዷ አሮጊት በክፉ ቀን ዘር የተገኘው ቡሬ በኩል ካሉ የአገው ዘመዶች ነው ብላ ለልጇ ልጅ ነገረቻት። አያ መንበሩ ያን ሲነበብ ሰምተው ቡሬ ሄዱ፤ የጎደለውን ገብስ አምጥተው ዘሩ። ሽማግሌ የኖረውን ሳይደብቅ ሲናገር ልጅ ጥፋቱን ያውቃል፣ ራሱንም አይንቅም። ከተጻፈ ደግሞ ለሌላውም ይተርፋል። ሌላ ምክር የለኝም።

አያ መንበሩ ከቡሬ በተመለሱ ማግስት የጎረቤታቸውን ልጅ ሲሳይነሽን እጇን ይዘው መጡ።

«ይችንም አስተምሪልኝ» አሉኝ። «አያቷን ቶሎ ትጠይቀው። ያልነገርኳችሁ አለ፤ ያን ጊዜ ባቄላውን ከሱ ጋር ነው የበላሁት።»