አናጺው ያፈሩበት ምርመራ

አንድ ሽማግሌ አናጺ የወገብ ማስታገሻ ሊገዙ መድኃኒት ቤት ሲገቡ ከልጃቸው ሚስት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ምራታቸው በሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል የምትሠራ የተማረች ሴት ናት። እኔ ጎረቤታቸውም እዚያው ተራ ስጠብቅ ነበርና ንግግራቸውን ሰማሁ።

«አባባ፣ አሁንም ይህንኑ ክኒን ነው የሚወስዱት?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳንቃ የተሸከመ ወገብ እኮ ነው።»

«ፊትዎ ገርጥቷል፤ ክብደትዎም ቀንሷል። ደምዎን ቢያሳዩ ምናለበት?»

«ያመመኝ ወገቤን! ደም ምን አገባው? ሽንቴም ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ብለው ቆጣ አሉ።

ምራቲቱ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። «ከጀርም የሚከላከልልን አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን አለ። እርስዎ እንደሚሠሩት የበር መቃን ነው፤ ሁለት ረጃጅምና ሁለት አጫጭር ቁራጭ ተጋጥሞ ይሠራል። ይህን ፕሮቲን የሚያመርቱት ሴሎች አጥንት ውስጥ፣ መቅኔው ላይ ናቸው። አንዷ ወደ ካንሰር ስትለወጥ ዘሯ እየበዛ ያንኑ አንድ ዓይነት መቃን ያለማቋረጥ ያመርታል። ያኔ አጥንት ይቦረቦራል፣ ደም ያንሳል።»

«ታዲያ ሽንቴ ላይ ለምን አልታየም?»

«አንዳንዱ ሰው ላይ ሙሉው መቃን ይመረታል፤ ሲበዛ ደም ያወፍራል። ሌላው ላይ አጭሩ ቁራጭ ብቻ ይመረትና ወደ ኩላሊት ሾልኮ ገብቶ ይጎዳዋል። የተለመደው የሽንት ምርመራ የሚያየው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ያመልጠዋልና ደምዎም ሽንትዎም በልዩ ምርመራ ይታይ። በቁራጩ ላይ ክኒኑ ሲጨመር ደግሞ ኩላሊት ይብስበታል።»

«ቁርጥራጭ እንጨት ቦይ እንደሚዘጋው በይኛ!» አሉ አናጺው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ የልጄ ሚስት የእኔን ሽንት ስትመረምር… ኧረ ነውር ነው!»

«ባልደረባዬ ይሠራዋል፤ እኔ አላየውም። ግን አባባ፣ እኔ እያለሁ ኩላሊትዎ ቢሞት ነው የማፍረው።»

እንዲህ ያለው እፍረት ስንቱን ሰው ከሐኪም ደጅ እንደመለሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳቸው ግን ክኒኑን ሳይገዙ ከምራታቸው ጋር ወጡ።

ውጤቱ እንደፈራችው ሆነ፤ የመቅኔ ካንሰር፣ ያውም ቁራጩን ብቻ የሚያመርተው ዓይነት። ኩላሊታቸው መጎዳት ጀምሮ ነበር። ሐኪሞቹ ዓይነቱን በማወቃቸው ማስታገሻውን አስቁመው፣ ኩላሊቱን እየተከታተሉ ሕክምና ጀመሩላቸው። በሽታው ጨርሶ አልጠፋም፤ ሆኖም የቁራጩ መጠን ወርዷል፣ ደማቸውም ተመልሷል፤ ዛሬ ግማሽ ቀን ይሠራሉ።

በቀደም ሱቃቸው ስገባ ወገቡን ይዞ ከሚያቃስት ደንበኛቸው ጋር ይከራከሩ ነበር።

«ሕመሙ ካልተወህ ክኒን አትደራርብ፤ ደምህን አሳይ። ሽንት ብቻ ከመረመሩህም ይበቃል ወይ ብለህ ጠይቅ።»

«ኧረ ይተዉኝ ጋሼ፣ ብርድ ነው።»

«እምቢ ካልክ» አሉ አናጺው መጋዙን አስቀምጠው፣ «ምራቴን ነው የምልክብህ!»